ፊልምን በቡና ማጠብ፦ የጥቁርና ነጭ ፊልም የቤት ውስጥ አሠራር

የአባቴ ዜኒት ካሜራ ከቡናማ የቆዳ ማቀፊያው ሳይወጣ ቁም ሣጥን ላይ ብዙ ዓመት ቆየ። አንድ ቀን አቧራውን ጠርጌ ሻተሩን ስጫነው ያ ጠንካራ ድምፁ እንደ ድሮው ተሰማ። ፊልም አገኘሁለት፣ ፎቶ አነሣሁበት፣ ነገር ግን የሚያጥብልኝ አጣሁ። በሰፈራችን የነበሩት ፎቶ ቤቶች ጨለማ ክፍላቸውን ዘግተው ወደ ዲጂታል ከገቡ ቆይተዋል። ከዚያ ወዲህ ፊልሜን የማጥበው ራሴ ነኝ፤ የማጥበውም ወጥ ቤት ውስጥ፣ በቡና ነው።

በቡና ማጠብ ሲባል ብዙ ሰው አያምንም። ይሁን እንጂ በደንብ የተሞከረ ኬሚስትሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የሮቸስተር ቴክኖሎጂ ተቋም ዶክተር ስኮት ዊሊያምስ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሠርተው አሳዩት፤ ስሙም ካፌኖል ተባለ። ሥራውን የሚሠራው ካፌይኑ ሳይሆን ቡና ውስጥ ያለው ካፌይክ አሲድና መሰሎቹ ናቸው። እነዚህ ብርሃን የነካውን የብር ጨው ወደ ጥቁር ብርነት ይለውጡታል። ለዚህም አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) የሆነ ውሃ ይፈልጋሉ፤ ሶዳ የሚገባው ስለዚህ ነው። ቫይታሚን ሲ በራሱም ፊልም ያጥባል፤ ከቡናው ጋር ሲሆን ግን ሁለቱ ተጋግዘው እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ከሚሠሩት በላይ ይሠራሉ።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ላስቀምጥ፤ ቀጥሎ የምጽፈው ሁሉ የቆመው በእርሱ ላይ ነው። በፊልም መሞከር ማለት በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ማለት ነው። ሙቀቱን፣ ደቂቃውንና የቡናውን ዓይነት በአንድ ፊልም ላይ ከለወጣችሁ ውጤቱ ቢያምርም ቢበላሽም ምክንያቱን አታውቁትም። ስለዚህ ከዕቃዎቹ ሁሉ በፊት አንድ ደብተርና እርሳስ አዘጋጁ።

ዕቃዎቹ

ፊልሙ እውነተኛ ጥቁርና ነጭ ይሁን፤ ለጀማሪ አይኤስኦው (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 አካባቢ የሆነው ይሻላል፤ ፎማፓን 100 ወይም ኢልፎርድ ኤፍፒ4 ጥሩ ነው። የቀለም ፊልም በዚህ መንገድ ቀለም አይወጣውም። ጥቁርና ነጭ ተብለው የሚሸጡ ነገር ግን በቀለም ፊልም ኬሚካል የሚታጠቡም አሉ፤ ኢልፎርድ ኤክስፒ2 አንዱ ነው፤ እነርሱን ለመጀመሪያ ሙከራ ተዉአቸው። ፊልሙን ከውጭ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዳይከተው አጥብቃችሁ ንገሩት። የሻንጣ መፈተሻው ኃይለኛ ራጅ ፊልምን ያጨልማል። በእጁ ይዞ፣ ፍተሻው ላይ በእጅ እንዲታይለት ይጠይቅ።

ከዚያ ሌላ የሚያስፈልጋችሁ ብርሃን የማያስገባ የፊልም ማጠቢያ ታንክ ከነመጠምጠሚያው፣ ቴርሞሜትር፣ ግራም የሚለካ ዲጂታል ሚዛን፣ ሚሊ ሊትር የተጻፈበት መለኪያ፣ ሁለት ጠርሙስ፣ መቀስ፣ የቆርኪ መክፈቻና የልብስ መቆንጠጫ ነው። ለኬሚካል የተጠቀማችሁበት ዕቃ ወደ ምግብ አይመለስም፤ ላዩ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉበት።

ለማጠቢያው ደግሞ በጣሳ ወይም በከረጢት የሚሸጥ የሚሟሟ ቡና፣ ቫይታሚን ሲ እና የልብስ ሶዳ ያስፈልጋል፤ ከማጠቢያው በኋላ የሚገባው ፊክሰር የሚባል ኬሚካልም አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ነገሩን ኋላ እነግራችኋለሁ። በቡና ሀገር ተቀምጦ የታሸገ ቡና መግዛት ያስቆጫል፤ እኔም በጀበና የተፈላ ቡና ሞክሬአለሁ። ይሠራል፤ ነገር ግን የአቆላሉና የአፈላሉ ልዩነት በእያንዳንዱ ፊልም ላይ ይታያል፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ያው ውጤት አይገኝም። ደግሞም ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ርካሹ፣ ሮቡስታ ያለበት ቡና ነው፤ ከእኛው አረቢካ የበለጠ ክሎሮጀኒክ አሲድ (ከካፌይክ አሲድ መሰሎች አንዱ) አለውና። መልካሙን ቡና ለእንግዳ አፍሉት።

ቫይታሚን ሲው ዱቄት የሆነ ንጹሕ አስኮርቢክ አሲድ ቢሆን ጥሩ ነው። ካልተገኘ ከፋርማሲ የሚገዛው ተራው እንክብል ተወቅጦ ያገለግላል፤ የ500 ሚሊ ግራም ከሆነ ለግማሽ ሊትር 16 ፍሬ ይገባል፤ የማይሟሟው ዝቃጭ በጨርቅ ይጠለላል። ውሃ ውስጥ የሚፈላውን ዓይነት አትግዙ፤ ውስጡ ያለው ተጨማሪ አሲድ ሶዳውን ይበላዋል።

ስለ ፎቶው ጥቂት

ስለ ካሜራ ብዙ አልልም። ዜኒት ኢ ሻተሩ ከ1/30 እስከ 1/500 ሰከንድ ብቻ ነው ያለው፤ ለፀሐያችን ይበቃል። ደመና በሌለበት ቀን በአይኤስኦ 100 ፊልም ሻተሩን 1/125፣ የሌንሱን መክፈቻ ኤፍ 16 አድርጋችሁ ብታነሡ አትሳሳቱም፤ ጥላ ውስጥ ኤፍ 5.6 አድርጉት።

ሳልናገረው የማላልፈው ግን የነጭ ልብስ ነገር ነው። የብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚገምተው። ነጠላ የለበሱ እናት ፊት ለፊት ቆመው መለኪያው የሚያየው ነጩን ነጠላ ነውና “ብርሃኑ በዛ” ብሎ ይቀንሳል፤ ነጠላው ግራጫ፣ የእናት ፊት ደግሞ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። የበዓል ፎቶዎቻችን ላይ ፊት ጠፍቶ ጥለት ብቻ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ቀረብ ብላችሁ ከፊታቸው ላይ ለኩ፤ ወይም የሌንሱን መክፈቻ መለኪያው ከነገራችሁ አንድ ደረጃ ክፈቱ። ጥቁርና ነጭ ነጋቲቭ ብርሃን ሲበዛበት ይታገሣል፤ ብርሃን ሲያንሰው ግን ያልተመዘገበውን ምንም ማጠቢያ አያመጣውም።

የመጀመሪያው ፊልማችሁ የሠርግ ወይም የክርስትና አይሁን። ከመስኮታችሁ የሚታየውን፣ የግቢውን ዛፍ፣ ደጃፍ የተሰጣውን በርበሬ አንሡበት።

ሶዳውን መሥራት

ማጠቢያው የሚፈልገው ሶዲየም ካርቦኔት የሚባለውን የልብስ ሶዳ ነው። ንጹሑን ካገኛችሁ ይህን ክፍል እለፉት። ካላገኛችሁ በየሱቁ የሚሸጠውን የዳቦና የኬክ ቤኪንግ ሶዳ በሙቀት መለወጥ ይቻላል። ቤኪንግ ፓውደር የሚባለው ግን ሌላ ነው፤ ውስጡ አሲድና ስታርች ስላለ አይሆንም።

50 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በብረት ወይም በማይዝግ ድስት ላይ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉ። አሉሚኒየም አትጠቀሙ፤ ሶዳው ይበላዋል። ምድጃ ላይ መካከለኛ እሳት፣ ወይም ኦቨን ካላችሁ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አድርጉት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደረቁ ዱቄት ራሱን እንደ ፈሳሽ ማንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ትንንሽ ጉድጓድ እየተከፈተበት ልክ እንደ ገንፎ ፎክ ፎክ ይላል። ከውስጡ የሚወጣው የውሃ እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በእንጨት ማንኪያ እያገላበጣችሁ ጠብቁ። ፎክ ፎክ ማለቱን ሲያቆምና ዱቄቱ ሲከብድ፣ ሲተኛ፣ አውርዱት።

መድረሱን የሚነግራችሁ ዓይናችሁ ሳይሆን ሚዛኑ ነው። ቤኪንግ ሶዳ ሙሉ በሙሉ ሲለወጥ ከክብደቱ 63 በመቶው ብቻ ይቀራል፤ 50 ግራሙ ወደ 31 ግራም ከወረደ ጨርሷል ማለት ነው። 38 ላይ ከሆነ መልሳችሁ አሙቁት። ሲቀዘቅዝ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ብልቃጥ ክተቱት፤ ክረምት ላይ እርጥበት ይስባልና። ዱቄቱ ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል፤ መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ።

ፊልሙን በጨለማ መጠምጠም

ፊልምን ከካሴቱ አውጥቶ መጠምጠሚያው ላይ ማስገባት ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ነው፤ የሚሠራውም ድፍን ጨለማ ውስጥ ነው። በሲኒማ ላይ የምናያት ቀይ አምፖል የፎቶ ወረቀት ማተሚያ ናት። የዛሬው ፊልም ቀዩንም ብርሃን ያያል። ጨለማ ማለት እጃችሁን ፊታችሁ ላይ አድርጋችሁ ለአምስት ደቂቃ ብትቆዩም የማታዩበት ማለት ነው። ሌሊት፣ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ የበሩን ሥር በጋቢ ደፍናችሁ መሥራት ይቻላል።

እዚህ ላይ ከራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። አንድ ማታ መብራት ጠፋ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ። “የፈለግሁት ጨለማ መጣ” ብዬ ፊልሙን ከፈትኩ። ግማሹን እንደጠመጠምኩ መብራት መጣ፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ሳላጠፋው ነበርና አምፖሉ አናቴ ላይ በራ። የእህቴን ልጅ የመጀመሪያ እርምጃ ያነሣሁበት ፊልም ነበር። አሁን ሥራ ከመጀመሬ በፊት አምፖሉን ነቅዬ ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ስልኬንም ከክፍሉ አስወጣዋለሁ። እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

ጨለማ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት የማያስፈልግ አንድ ፊልም ሠውታችሁ በብርሃን ተለማመዱ፤ ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፤ ከዚያ በጨለማ። አሥር ጊዜ ያህል። ፊልሙ ተጠምጥሞ ሲገባ የሚሰማው ስሜት በጣታችሁ ላይ እስኪያድር ድረስ።

ዕቃዎቹን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ በተርታ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል አስቀምጡ፤ በግራ ካሴቱ፣ ቀጥሎ መክፈቻው፣ መቀሱ፣ መጠምጠሚያው፣ በቀኝ ታንኩና ክዳኑ። መጠምጠሚያው አጥንት እስኪመስል ደረቅ ይሁን፤ አንዲት ጠብታ ውሃ ፊልሙን ታጣብቀዋለች። መብራቱ ከጠፋ በኋላ የካሴቱን ጠፍጣፋ ጫፍ እንደ ለስላሳ ጠርሙስ በቆርኪ መክፈቻ ፈልቅቁት። የፊልሙን ጫፍ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ሁለቱን ማዕዘኖች በጥቂቱ ክብ አድርጉ፤ ሹል ማዕዘን ነው የሚሰነቀረው። ጫፉን ወደ መጠምጠሚያው ከንፈር አስገብታችሁ ወደፊትና ወደኋላ እያወዛወዛችሁ አስኪዱት። የ36 ፊልም ወደ 1.6 ሜትር ይረዝማል። ከተያዘ በኃይል አትግፉት፤ መልሳችሁ አውጡና እንደገና ጀምሩ። እጃችሁ ካላበው ግን መጠምጠሚያውንም ፊልሙንም ታንኩ ውስጥ ከትታችሁ ክዳኑን ግጠሙና ወጥታችሁ ነፋስ ተቀበሉ። ታንኩ ከተከደነ በኋላ የቀረው ሥራ ሁሉ በብርሃን ነው።

ካሜራው ላይ ሲጎተት ብርሃን የነካውን የፊልሙን ጅራት አትጣሉት። ቆርጣችሁ ሁለት ቁራጭ አድርጉት፤ ሁለት ጊዜ ያድናችኋል።

ማጠቢያውን መቀመም

በፎቶ ቤት ቋንቋ “ፊልም ማጠብ” የምንለው ምስሉን የሚያወጣውን የኬሚካል ሥራ ነው። በውሃ ማጥራቱን ለመለየት እኔ ማለቅለቅ እለዋለሁ።

ለአንድ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ታንኩ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ቢይዝም ግማሽ ሊትር ሥሩ፤ የተረፈው ለመሞከሪያ ይሆናል። 27 ግራም የተዘጋጀ ሶዳ፣ 8 ግራም ቫይታሚን ሲ፣ 20 ግራም የሚሟሟ ቡና። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። በ400 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሶዳውን ጨምሩና አንዳች ቅንጣት ሳይቀር አሟሙ፤ ካልተማሰለ ሥሩ ላይ እንደ ድንጋይ ይጋገራል። ቀጥሎ ቫይታሚን ሲውን በጥቂት በጥቂቱ፤ ቤኪንግ ሶዳ የቀረበት ከሆነ አረፋው ይፈላል። በመጨረሻ ቡናውን። ውሃ ጨምራችሁ ግማሽ ሊትር ሙሉት፤ አረፋው እስኪሞት 5 ደቂቃ አሳርፉት።

ሽታው የቡና ሽታ አይደለም። የከረመ ዓሣና እርጥብ ሱፍ ተቀላቅሎ የሚሸት ነገር ነው፤ መስኮት ክፈቱ። ከሁሉ በላይ ግን መልኩ ጥቁር ቡና ነው፤ ብርጭቆ ውስጥ ቢቀመጥ ልጅ ይጠጣዋል። እንደ ሳሙና የሚልጥ አልካላይን ስለሆነ ጉሮሮ ያቃጥላል። በተጻፈበት ጠርሙስ ብቻ ያዙት፤ ሥራው ሲያልቅም ወዲያው ድፉት። ቶሎ ይደክማልና ለነገ አይሆንም።

አሁን ከፊልሙ ጅራት አንዱን ቁራጭ በብርሃን ላይ እንዳለ ወደ ተረፈው ማጠቢያ ጣሉት። በሁለት በሦስት ደቂቃ ውስጥ ከጠቆረ ማጠቢያው ሕይወት አለው። ካልጠቆረ አንዱን ረስታችኋል፤ ፊልሙ ገና ታንክ ውስጥ ደኅና ነውና መልሳችሁ ቀምሙ። ይህን ሙከራ ሳላደርግ ፊልም አላጥብም።

ማጠብ

ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። በአዲስ አበባ ብዙውን ጊዜ ቅርብ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ጠርሙሱን ሞቅ ያለ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አቁሙት። ድሬዳዋ ወይም ባሕር ዳር ላላችሁ ሳፋው ውስጥ በረዶ ይገባል። ማቀዝቀዝ ካቃታችሁና 24 ዲግሪ ከሆነ ከ15 ደቂቃው ይልቅ 10 ደቂቃ ተኩል አካባቢ ጀምሩ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ከሆነ ደግሞ 5 ሊትር በጀሪካን አስቀድማችሁ ያዙ፤ መካከል ላይ ውሃ ሲሄድ ፊልሙ አይጠብቃችሁም።

1. ማጠቢያውን ክዳኑ ላይ ባለው ማፍሰሻ በኩል ባንድ ጊዜ ወደ ታንኩ ገልብጡ፤ ሰዓት ያዙ። የማፍሰሻውን ቆብ ግጠሙና ታንኩን ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሦስቴ መታ መታ አድርጉ፤ ፊልሙ ላይ የተጣበቀ አረፋ ክብ ምልክት ይጥላል።

2. የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ ታንኩን በዝግታ እየገለበጣችሁ አቅኑ። ከዚያ በየደቂቃው መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ገልብጡና አስቀምጡ። እንደ ቅቤ መናጥ አይደለም፤ ሕፃን እንደማገላበጥ ነው። በጣም ከናጣችሁት የፊልሙ ጠርዝ በቀዳዳዎቹ በኩል ይጠቁራል።

3. 15 ደቂቃ ሲሞላ ድፉትና ሦስት ጊዜ ውሃ እየቀያየራችሁ አለቅልቁ። ውሃው ቡናማ ሆኖ ይወጣል።

4. ፊክሰሩን ጨምሩ።

ፊክሰር ብርሃን ያልነካውን የብር ጨው ከፊልሙ ላይ አሟሙቶ የሚያወጣው ነው። በቡና መተካት አይቻልም። ዋናው ነገሩ ሶዲየም ቲዮሰልፌት ነው፤ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ሄርሽል በ1819 እ.ኤ.አ. የብር ጨውን እንደሚያሟሟ ደርሰውበት፣ ፎቶግራፍ በታወጀበት በ1839 ለዚሁ ሥራ ውሏል። ጠጠሩን ካገኛችሁ 250 ግራም በአንድ ሊትር አሟሙ። ሲሟሟ ውሃውን በጣም ያቀዘቅዘዋል፤ ጠርሙሱ እጃችሁ ላይ በረዶ ይሆናል። ስለዚህ በሞቀ ውሃ ጀምሩና 20 ዲግሪ ሲሆን ተጠቀሙበት። የተዘጋጀ ፈሳሽ ፊክሰር ከገዛችሁ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ተከተሉ።

ስንት ደቂቃ? ሁለተኛው የፊልም ጅራት እዚህ ይመጣል። በብርሃን ወደ ፊክሰሩ ጣሉትና ሰዓት ያዙ። መጀመሪያ ወተት እንደ ነካው ድፍርስ ነው፤ ቀስ በቀስ ከጠርዙ ጀምሮ ይጠራል፤ በመጨረሻ ከበስተኋላው ያለ ጽሑፍ ይነበባል። የጠራበትን ጊዜ በሁለት አባዙት፤ ለፊልማችሁ ያ ነው። 3 ደቂቃ ከፈጀ 6 ደቂቃ ፊክሰር ውስጥ ይቆያል። በአዲስ ፊክሰር 3 ደቂቃ የፈጀው ከሌሎች ፊልሞች በኋላ 6 ደቂቃ ከፈጀ ፊክሰሩ አልቋልና አዲስ ሥሩ። ያለቀውን ወደ ቦይ አትድፉት፤ የተሟሟ ብር ስላለበት በውሃ ውስጥ ያሉ ነፍሳትን ይጎዳል። የብረት ሱፍ ያለበት ባልዲ ውስጥ ጥቂት ቀን ብታቆዩት ብሩ ብረቱ ላይ ይሰበሰባል።

5. ማለቅለቅ። እንደ ቀድሞው ቧንቧ ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ማፍሰስ አያስፈልግም። ታንኩን ሙሉና 5 ጊዜ ገልብጡ፤ ድፉ። እንደገና ሙሉና 10 ጊዜ፤ ድፉ። ለሦስተኛ ጊዜ ሙሉና 20 ጊዜ። ኢልፎርድ ኩባንያ የሚመክረው ይህን ነው፤ ሦስት ታንክ ውሃ ብቻ ነው የሚወስደው። ለተራው ጠጠር ፊክሰር እኔ አንድ ሁለት ዙር እጨምርበታለሁ።

6. በመጨረሻው ውሃ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምራችሁ ፊልሙን አውጡ። ለአንድ ታንክ ውሃ አንድ ጠብታ ብቻ፤ ከበዛ ልጋግ ይተዋል።

ፊልሙን ከላይና ከታች መቆንጠጫ አድርጋችሁ መታጠቢያ ክፍል ስቀሉ። ከዚያ በፊት ጥቂት ሙቅ ውሃ ለቃችሁ ክፍሉ እንፋሎት ቢሞላ አቧራው ወደ ወለል ይወርዳል፤ በጋ ላይ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። በጨርቅ ወይም በጣት አትጥረጉ። እርጥብ ፊልም እንደ ቆዳ ነው፤ ይቧጠጣል። ሌሊቱን ይደር።

ነጋቲቩን ማንበብ

ጠዋት ደረቁን ፊልም መስኮት ላይ አንሥታችሁ ተመልከቱ። መላው ፊልም ቡናማ ጥላ ቢኖረው አትደንግጡ፤ የቡናው ነው፤ ለማተምም ሆነ ለስካን አያስቸግርም። ከምስሉ በፊት ጠርዙን እዩ። በፊልሙ ዳር ፋብሪካው ያተመባቸው ቁጥሮችና ስሞች አሉ። እነዚህን ብርሃን ያስነኳቸው እናንተ አይደላችሁም፤ ስለዚህ የሚመሰክሩት ስለ ማጠቡ ብቻ ነው።

ቁጥሮቹ ጥቁርና ጥርት ያሉ ሆነው ምስሉ ከሳሳ፣ ማጠቡ ደኅና ነው፤ ስታነሡ ብርሃን አንሷል። ቁጥሮቹም ምስሉም ከሳሱ ማጠቡ አንሷል፤ ወይ ማጠቢያው ቀዝቅዟል፣ ወይ ሶዳው በደንብ አልተለወጠም። ቁጥሮቹ ጭራሽ ከሌሉና ፊልሙ ንጹሕ መስተዋት ከሆነ ማጠቢያው አልሠራም፤ አለዚያም ፊክሰሩ ቀድሞ ገብቷል። ቁጥሮቹ ካሉና ምስል ከሌለ ፊልሙ ካሜራው ውስጥ አልተጎተተም። በመካከሉ እንደ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጥቁር ምልክት በምትጠመጥሙበት ጊዜ ፊልሙ መሰበሩን ይነግራል። ድፍርስ ወተት የሚመስል ቦታ ካለ ግን ደስ ይበላችሁ፤ ፊክሰር ስላነሰው ነው፤ መልሳችሁ ፊክሰር ውስጥ ብትከቱት ይጠራል።

ይህን ሁሉ ደብተሩ ላይ ጻፉ። ቀን፣ ፊልም፣ ሙቀት፣ ደቂቃ፣ የቡናው ዓይነት፣ ያያችሁት ነገር። ለሁለተኛው ፊልም ከእነዚህ አንዱን ብቻ ለውጡ። ምስሉ ትንሽ ከሳሳባችሁ 15ቱን ደቂቃ 17 አድርጉ፤ ሌላ ምንም አትንኩ። አይኤስኦ 400 ፊልም ላይ መሞከር የምትፈልጉ እንደሆነ ደግሞ ከላይ ያለው ቅመማ መላውን ፊልም እንደ ጭጋግ ያጨልመዋል። ለዚህ ሌላ ቅመማ አለ፤ በአንድ ሊትር 16 ግራም ሶዳ፣ 10 ግራም ቫይታሚን ሲ፣ 1 ግራም ፖታሲየም ብሮማይድና 40 ግራም ቡና፤ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ገልብጣችሁ 70 ደቂቃ ሳትነኩት ማቆም። ሰማይና ጥላ በአንድ ምስል ላይ ሲኖሩ ሁለቱንም የሚያተርፍ እርጋታ አለው፤ እኔ ለሰዎች ፊት ይህን እወደዋለሁ። ብሮማይዱ ካልተገኘ አዮዲን ያለው የገበታ ጨው 10 ግራም በሊትር የሚተኩ አሉ፤ እንደ ሙከራ ቁጠሩት።

ወረቀት ላይ ማተም

ማጉያ ማሽን ባይኖራችሁም ነጋቲቩን በወረቀት ላይ አስተኝቶ ማተም ይቻላል። የ36 ፊልም በስድስት ስድስት ምስል ሲቆረጥ ስድስት ቁራጭ ይወጣል፤ ሁሉም 24 በ30 ሴንቲ ሜትር በሆነ አንድ የፎቶ ወረቀት ላይ ይገባል። ቀይ አምፖል እዚህ ጋ ነው የሚፈቀደው።

ወረቀቱን የሚያብረቀርቀው ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ አስቀምጡ፤ ነጋቲቮቹን ደብዛዛ ፊታቸው ወደ ታች አድርጋችሁ ደርድሩ፤ ንጹሕ ወፍራም መስተዋት ጫኑበት። አንድ ሜትር ከፍታ ላይ 15 ዋት አምፖል ስቀሉ። ስንት ሰከንድ እንደሚበራ ለማወቅ ጠባብ የወረቀት ቁራጭ ላይ ፊልሙን አስተኙና በካርቶን ሸፍናችሁ በየሁለት ሰከንዱ ጥቂት ጥቂት ግለጡ። ሲታጠብ ከቀላል እስከ ጥቁር መሰላል ይሆናል። የምትፈልጉት ደረጃ የፊልሙ ባዶ ጠርዝና የጠርዙ ቀዳዳዎች በእኩል ጥቁረት መለየት ያቃታችሁበት የመጀመሪያው ነው። ያን ሰከንድ ያዙ፤ ሙሉውን ወረቀት በእርሱ አብሩ።

ለወረቀት የሚሸጠውን የወረቀት ማጠቢያ ብትጠቀሙ ነጩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በቡናው ከሠራችሁ ወረቀቱ ይቀልማል፤ እንደ አሮጌ የብራና ገጽ ይሆናል። ለእናቶቻችን ጉርድ ፎቶግራፍ ያምራል፤ የነጠላን ነጭነት ለማሳየት ግን አይሆንም። ፕላስቲክ የተቀባው ወረቀት 20 ዲግሪ ላይ ከ1 እስከ 1 ደቂቃ ተኩል በማጠቢያው፣ ከዚያ በውሃ፣ ከዚያ በፊክሰር፣ ከዚያ ጥቂት ደቂቃ በውሃ ይለቀለቃል። ፎቶው መጥቆር ሲጀምር ቸኩላችሁ አታውጡት። ቀይ ብርሃን ስር ከእውነተኛው ይልቅ የጠቆረ ይመስላል፤ ደቂቃውን ሙሉለት።

የደረቀውን ነጋቲቭ ወረቀት ከረጢት ውስጥ ክተቱ፤ ከረጢቱ ላይ ነጋቲቩ ከመግባቱ በፊት በእርሳስ ቀኑን፣ ቦታውንና የደብተሩን ገጽ ጻፉ። ክረምት ላይ ሻጋታ እንዳይይዘው ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ፣ ነፋስ በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። የእኔዎቹ የተቀመጡት የአባቴ ዜኒት በነበረበት ቁም ሣጥን ላይ ነው፤ የመጀመሪያዋ ከረጢት ላይ “15 ደቂቃ፣ 20 ዲግሪ፣ የግቢው ዛፍ፣ ትንሽ ሳስቷል” ይላል።